የአውድማው ክፍፍል፦ ከመሬት አዋጁ በፊትና በኋላ የወሎ ገጠር ኑሯችን



የወሎ ገጠር ሲነሳ ከተማ ያደገ ወጣት ቶሎ ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ አንድም ረሃብ፣ አንድም መንዙማ። ሁለቱም ነበሩ። ግን በሁለቱ መካከል ሰው ይኖር ነበር። ያርስ፣ ይፈጭ፣ ይቀራ፣ ይካሰስ፣ ግብር ይከፍል ነበር። አያቶቻችሁ ምን ሠርተው ምን በሉ? ካመረቱት ውስጥ ስንቱ ቤታቸው ገባ? ይህን የሚነግራችሁ ሰው እያለቀ ስለሆነ ዛሬ ጊዜ ወስደን እንጽፈዋለን። ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

እኛ ያደግነው በድሮው ቃሉ አውራጃ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ አካባቢ ነው። አገሩ የማሽላ አገር ነው። ጤፍም በቆሎም ይዘራል፤ ቤት የሚቆመው ግን በማሽላ ነው። እንጀራው ከማሽላ፣ ገንፎው ከማሽላ፣ ንፍሮው ከማሽላ። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር፣ ለጎጆ ግድግዳ ይሆናል። ልጅ ሆነን ከረሜላ አናውቅም፤ ጥንቅሽ ግን እናውቃለን፣ አገዳውን በጥርሳችን ልጠን እንመጠው ነበር።

ማሽላ ትዕግሥት የሚጠይቅ እህል ነው። በበልጉ ዝናብ በሚያዝያ አካባቢ ይዘራል፤ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከስምንት ወር ያላነሰ ጊዜ መሬት ላይ ይቆያል ማለት ነው። በልጉ ከቀረ ያ ዓመት ገና ከጅምሩ ተበላሸ። ቡቃያው ጉልበት ድረስ ሲደርስ በበሬ መካከል ለመካከል እየታረሰ ይሳሳል፤ ይህ ሽልሻሎ ይባላል። ለማያውቅ ሰው ገበሬው የገዛ እህሉን የሚያጠፋ ይመስለዋል። የተረፈው ቡቃያ ግን ሥሩ አፈር ያገኛል፣ ውሃም ይይዛል። ሽልሻሎ ከባድ ሥራ ስለሆነ ብቻውን የሚወጣው ሰው የለም። ጂጊ ይጠራል። ሌላው አገር ደቦ የሚለው ነው።

ጂጊ ሲጠራ ጠላ የለም። ቡና አለ፣ ንፍሮ አለ፣ የአብሽ ውሃ አለ፣ የደላው ፍየል ያርዳል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ከዚያ አንዱ ድምፀ መልካም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የዙህር ሰዓት ሲደርስ እዚያው እርሻው ዳር በሰልፍ ይሰገዳል። በዕድሜ የገፋ፣ ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሞተበት ሰው መሬት ጾም እንዳያድር መጀመሪያ የእሱ ይታረሳል። ይህ በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ አልነበረም። ግን የተላለፈ ሰው ቡና ላይ ይነሳበታል፤ ቡና ላይ መነሳት ደግሞ ከፍርድ ቤት ይብሳል።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል። ሁለት ቀን ለአንዱ፣ ሁለት ቀን ለሌላው። መቀናጆ የገቡ ሰዎች ተጣልተው መክረም አይችሉም፤ አፈሩ ሳይደርቅ መታረቅ ግድ ነው። አባታችንና ጎረቤታቸው ሃያ ዓመት ያህል የተቀናጁት በዚህ ዓይነት ነው። እየተጣሉ፣ እየታረቁ።

የቁርኣን ትምህርታችንም በሥራው ዙሪያ የተሰፋ ነበር። ቀን ከብት ጥበቃ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ወፍ ጥበቃ፣ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ እያስጮህን ውለን እናመሻለን። ስለዚህ የምንቀራው ከሱብሒ በፊትና ከመግሪብ በኋላ ነው። እሳት ይነዳል፤ እሳቱን ከብበን ለውሓችንን ወደ ብርሃኑ እናዘነብላለን። ማገዶውን ተራ በተራ የምናመጣው እኛው ነን። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይሠራል፣ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። የያዝነውን ለሸኻችን ካሰማን በኋላ ለውሑ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍበታል። ሸኻችን ራሳቸው ገበሬ ነበሩ። ደረሶቹ እርሻቸውን ያግዛሉ፣ እሳቸው ያስቀራሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህን ያህል የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የወሎ ዑለማ ታሪክ ሲነገር ካራማና ገድል ይበዛዋል፣ እርሻው ይረሳል። የጃማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ እዚሁ ቃሉ ውስጥ ማዕከላቸውን ያቆሙት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያሉ ማዕከላትን ታሪክ በሰፊው ታገኛላችሁ። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ያን ሁሉ ደረሳ ያበላው ማሽላው ነው። ማሽላውን ደግሞ የፈጩት ሴቶቹ ናቸው።

ስለ ሴቶቹ ትንሽ እንቆይ። እናታችን የምትነሳው ከሁላችን በፊት ነው። የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ነው የሚቀሰቅሰን። ማሽላ ለመፍጨት ከባድ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የቀን እንጀራ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ በእንስራ ውሃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ለአራሹ ምሳ ታደርሳለች፣ ታርማለች፣ ማታ ትፈትላለች። በዚህ ሁሉ መሃል ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የከተማ ልጅ የወሎ ሴት ቡና ስታበዛ «ሥራ ፈት» ሲላት ሰምተን እናውቃለን። ያ ቡና ግን የመንደሩ ሸንጎ ነበር። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ራበው፣ ማን ዘር አጣ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ በረካው ሳይጠጣ እርዳታው ተከፋፍሎ ያልቃል። የናፍጣ ወፍጮ ወደ እኛ ዘንድ ሲመጣ፣ ወንዶቹ ስለ መንግሥት ለውጥ ያወሩ የነበሩትን ያህል ሴቶቹ ስለ ወፍጮው አውርተዋል። እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ አውድማው።

አውድማ ላይ ጫማ ይወልቃል። ብዙ አይወራም። አባታችን እህሉን ሲሰፍሩ የመጀመሪያውን ቁና «አንድ» አይሉም፣ «በረካ» ይላሉ፤ ቀጥሎ «ሁለት»። እኛ ልጆቹ ዳር ቆመን በልባችን እንቆጥራለን። ከእኛ ሌላ የሚቆጥር ሰው ግን አለ፤ የባለመሬቱ ሰው። መሬቱ የእኛ አልነበረምና።

በዚያን ጊዜ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነው። ውሉ ሲሶ ከሆነ ከሦስት አንዱ፣ እኩል ከሆነ ግማሹ ለባለመሬቱ ነው። በሬውንና ዘሩን ራሱ ያቀረበ ጭሰኛ በሲሶ ካረሰ ደህና ነው ይባላል። ለምሳሌ እናስላው። በጥጋብ ዓመት 30 ዳውላ ማሽላ ተገኘ እንበል። ሲሶው 10 ዳውላ ነው፤ ሄደ። አሥራት የሚባለው ግብር ደግሞ ከአሥር አንድ፣ 3 ዳውላ ነው፤ ይህ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በወረቀት ቀረ፣ ከዚያ በፊት ግን ነበር። 17 ዳውላ ቀረ። ከዚህ ላይ ዘካው አለ፤ በዝናብ ለበቀለ እህል ከአሥር አንዱ፣ ወደ 2 ዳውላ የሚጠጋ። የቀረው 15 ገደማ ነው፤ ግማሹ። ከእሱ ላይ ለከርሞ ዘር ይነሳል፣ የክረምት ብድር ይከፈላል፣ ለበዓል ለጌታው የሚወሰድ መተያያ አለ፤ ማር፣ ቅቤ፣ ሙክት። ጌታው ቤት ሲሠራ ወይም እርሻው ሲታጨድ ደግሞ ጉልበት በነፃ ይሰጣል። የተረፈው ጉድጓድ ይገባል፣ እስከሚቀጥለው ኅዳር ይበላል።

ከእነዚህ ሁሉ ክፍያዎች አባታችን ፊታቸው ሳይጠቁር የሚሰጡት ዘካውን ብቻ ነበር። ለብቻው ሰፍረው ያስቀምጡታል፤ ባሏ ለሞተባት፣ ለደረሳው፣ ለመንገደኛው። አንድ ዓመት እህሉ ሲያንስ አጎታችን «ጌታው ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ምን ዘካ አለብህ?» ቢሏቸው ሸኻችንን ሄደው ጠየቁ። ሸኻችንም «የሰጠኸው የሱ ድርሻ ነው፤ አንተ የምትጠየቀው በእጅህ በቀረው ነው፤ ከኒሷቡ ከጎደለ የለብህም» አሏቸው። አባታችን ለካው፤ ጎድሎ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ቁና አውጥተው «ሰደቃ ነው» ብለው ሰጡ። አጎታችን ያን ቀን ከእኛ ቤት ቡና አልጠጡም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይዛባ መነገር አለበት። በጎንደርና በጎጃም ብዙ ቦታ ሙስሊም ርስት ስለማይወርስ ወደ ሽመና፣ ወደ ቆዳ ፋቂነትና ወደ ንግድ ተገፍቷል። የወሎ ነገር ይለያል። ጌታውም ጭሰኛውም ሙስሊም የሆኑበት ቀበሌ ብዙ ነበር። አንድ መስጂድ ውስጥ ተሰልፈው ሰግደው፣ አውድማ ላይ አንዱ ሰፋሪ አንዱ ተሰፋሪ ይሆናሉ። ክርስቲያን ጭሰኛ ጎረቤቶቻችንም በዚያው ሲሶ ነው የሚያርሱት፤ ጂጊውንም አብረን ነው የምንወጣው። ስለዚህ የዚያን ዘመን በደል ሁሉ በሃይማኖት ብቻ ለመተርጎም የሚቸኩሉ ጽሑፎችን ስናይ፣ የእኛ አውድማ አልታያቸውም እንላለን።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከሌሊቱ ተነስተን በእግር እንወርዳለን። አፋሩ ግመሉን፣ ጨዉንና ቅቤውን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን፣ ጫቱን፣ ሸማውን ይዞ ይወርዳል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ አርጎብኛ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰማል፤ ሰው ሳያስተርጉም ይገበያያል። ከገበያው አጠገብ ጣሊያን የሠራው የአሰብ መንገድ ያልፋል። የጭነት መኪኖች ሌት ተቀን ይመላለሱበታል። ልጅ ሆነን መኪናዎቹን መቁጠር ጨዋታችን ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ከዚያ በፊት የነበረውም ዓመት ደህና አልነበረም። መጀመሪያ ከቆላው አፋሮች መጡ፤ ከብታቸው አልቆ። በአዋሽ ዳር የነበረው የበጋ ግጦሻቸው በከፊል ለጥጥ እርሻ ተወስዶ ስለነበር ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አልነበራቸውም። ቀጥሎ የእኛው ጭሰኞች። ሰው መጀመሪያ በሬውን ሸጠ፤ ሁሉም ስለሚሸጥ በሬ ረከሰ። ከዚያ የሴቶቹ አምባርና ድሪ ወጣ። ከዚያ ዘሩ ተበላ። ዘር የበላ ገበሬ ደግሞ ቢዘንብም አያርስም። የመጨረሻው ነገር የቤቱን ቋሚ ነቅሎ ለማገዶ መሸጥ ነበር፤ አይተናል። ሲሶው ግን ይጠየቅ ነበር። ካለፈው ዓመት የቀረ ዕዳ ተብሎ።

የሚገርመው መኪኖቹ አልቆሙም። እህል ጭነው ሲያልፉ እናያቸዋለን። ልጅ ስለነበርን የተሳሳተ ያየን መስሎን ለዓመታት ኖረናል፤ ኋላ ላይ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የረሃብ ጥናት ስናነብ ነገሩ ተገለጠልን። በወሎ ረሃብ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። ገበሬው የሚገዛበት ስላልነበረው ዋጋው የሚወጣበት ምክንያት የለም። ያለቀው የገበሬው እጅ ነው። የእናታችንን ድሪ የገዛው ነጋዴ ጎተራ ውስጥ እህል ነበር።

የሞተውን ሰው በትክክል የቆጠረው የለም፤ ከ40,000 እስከ 200,000 የሚደርሱ ግምቶች ተጽፈዋል። በእኛ መንደር ሰዎች ጀናዛ ተሸክሞ መቃብር የሚያደርስ ጉልበት አጥተው በየደጃቸው አቅራቢያ ቀብረዋል። ዛሬም ማሽላው መሃል አንዳንድ ቦታ ድንጋይ ተከምሮ ታያላችሁ፤ በሬ ጠማጁ ዞሮት ያልፋል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እኛ ግን ቴሌቪዥን የሚባለውን ራሱን አናውቅም ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ መውጣታቸውን የሰማነው ከወራት በኋላ ከአንድ የጨው ነጋዴ ነው። በዓላችን በመንግሥት ታወቀ የሚለው ወሬም እንዲሁ ዘግይቶ ደረሰን፤ ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፣ አላህን አመሰገኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ግን ዘግይቶ አልደረሰም። የዕድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች ቡና መጠጫው ቤት ድረስ ይዘውት መጡ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤ 800 ሄክታር በሚያህል አካባቢ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል። ዘማቾቹ ፀጉራቸው የጎፈረ፣ አንዳንዶቹ ሶላትን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ነበሩ። ሽማግሌዎቻችን ይህን ታዝበው ዝም አሉ። መሬቱን ግን በገመድ ሲለኩ ገመዱን ያዙላቸው።

በዚያ ዓመት ኅዳር አውድማው ላይ የቆመ ሰፋሪ አልነበረም። አባታችን «በረካ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰፈሩ። ዘካውን አወጡ። ሁሉም ጉድጓዱ ገባ። እናታችን ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ደጋግማ ትናገር ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አደሩ።

ደስታው ግን አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት እህል በኮታ፣ በራሱ ዋጋ እንዲሸጥለት ማስገደድ ጀመረ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ሽማግሌዎቹ «ሲሶው ተመለሰ» ማለት ጀመሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልጆቻቸው ለጦር ሜዳ ይወሰዱ ስለነበር ዝቅ ማድረጉ ተገቢ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ቁርኣን አንብባ የማታውቀው እናታችን በአርባ ዓመቷ ስሟን ጻፈች።

1977 ሲመጣ መሬቱ የእኛ ነበር፤ እህሉ ግን እንደገና አልነበረም። የባቲ ገበያ አካባቢ የረሃብተኞች መጠለያ ሆነ። ልጅ ሆነን ጨው ስንገዛበት በነበረው አገር ስንዴ ለመቀበል ተሰለፍን። ከዚያ ሰፈራው መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወሰደ። ፈልጎ የሄደ አለ፤ ስንዴ ሊቀበል ሄዶ መኪና ላይ የተጫነም አለ። የአባታችን የመቀናጆ ባልንጀራ ከነቤተሰባቸው ሄዱ። በሬያቸው እኛ ዘንድ ቀረ። አባታችን በሬውን አልሸጡትም፣ «አደራ ነው» ብለው እስኪያረጅ አረሱበት። ደብዳቤ መጣ ሲባል የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ልጃቸው ኢሉባቦር ቡና እያለማ ነበር፣ እሳቸው በመጀመሪያው ዓመት በወባ ሞተዋል። መንደሩ በሙሉ ሶላተል ጋኢብ ሰገደ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንዶቹ ወደ ጅቡቲ፣ ሴቶቹ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ። በእኛ መንደር ያለው ቆርቆሮ ቤት አብዛኛው የተሠራው በቤት ሠራተኛ ሴቶች ደመወዝ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲባረሩ ብዙዎቹ የተመለሱት ወደ እነዚህ መንደሮች ነው። ተመልሰው ሲመጡ ግን የሚያርሱት አልነበረም። አባታችን በ1967 የደረሳቸው መሬት ለአምስት ወንድማማችና እህትማማች ተከፍሏል፣ ከዚያም ለልጆቻቸው። የታላቅ ወንድማችን ትንሹ ልጅ የደረሰው መሬት አንድ ጥማድ በሬ ከዙህር በፊት አርሶ ይጨርሰዋል።

ክልሉ የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም በአንድ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ፤ ፎቶም ተለጠፈበት። አባታችን በሕይወት አልነበሩም። የእናታችን ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ስሟን ራሷ ጻፈች። ደብተሩን አባታችን ይቀሩበት ከነበረው ለውሕ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ዛሬም ከታላቅ ወንድማችን ቤት አለ። ባለፈው ዓመት ከወንድሞቹ ልጆች ሁለቱ ስለ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ያ ጨርቅ ተፈቶ ነበር። ጉዳዩ እስካሁን አላለቀም፤ ሽማግሌዎቹ ከማሽላው አጨዳ በኋላ ቀጠሮ ሰጥተዋል።